በጽሑፍ የጸና ጉርብትና፦ የውጭ አገር ሰው ኑሮ በሪደርቫልድ

ሪደርቫልድ በፍራንክፈርት አም ማይን ከተማ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ወደ 5,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች ያሏት ትንሽ ሰፈር ናት። «ቫልድ» በጀርመንኛ ደን ማለት ነው። በምዕራብ በኩል ኦስትፓርክ የተባለው ሰፊ መናፈሻ ይጎራበታታል፤ አም ኤርለንብሩኽ በሚባለው ዋና መንገዷ ላይ ደግሞ 4 እና 7 ቁጥር የከተማ ባቡሮች ይመላለሳሉ። ከሼፍለ ጎዳና ፌርማታ የተሳፈረ ሰው መሃል ከተማ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ከኋላቸው የአትክልት ቦታ አላቸው፤ የደረጃው መግቢያ ላይ የነዋሪዎች ስም ተደርድሯል። ባንኮችና ሰማይ ጠቀስ ፎቆች ያሉበት ፍራንክፈርት ከዚህ ሲታይ ሩቅ ይመስላል።

ይህ ምዕራፍ የውጭ አገር ሰው፣ በተለይም ኢትዮጵያዊ፣ በእንዲህ ያለ ሰፈር የዕለት ኑሮው ምን እንደሚመስልና የአካባቢው ሰው ጠባይ ከየት እንደመጣ ያስረዳል። የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቁጠባ የተሠራ ሰፈር

ሪደርቫልድ በአጋጣሚ የበቀለ ሰፈር አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ፍራንክፈርት በፋብሪካ እየሰፋች ስትሄድ ሠራተኞች በጠባብና በጨለማ ክፍሎች ተፋፍገው ይኖሩ ነበር። በ1912 የተከፈተው የምሥራቅ ወደብና በዙሪያው የተተከሉት ፋብሪካዎች ደግሞ ብዙ ክንድ ይፈልጉ ነበር። ሠራተኞቹ ያገኙት መፍትሔ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ገንዘብ ማዋጣት ነው። «የሕዝብ የግንባታና የቁጠባ ማኅበር» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘው የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ከ1910 ጀምሮ በሪደርቫልድ ለአባላቱ ቤት ይሠራ ጀመር። በ1920ዎቹ የከተማው የግንባታ ኃላፊ የነበረው አርኪቴክት ኤርንስት ማይ «አዲሲቱ ፍራንክፈርት» በተባለው ታላቅ ዕቅዱ ሰፈሯን አሰፋት።

የጎዳናዎቹ ስም የሰፈሯን ሐሳብ ይናገራል። ራይፋይዘንና ሹልጸ ዴሊች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመንን የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመሠረቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ላሳል የሠራተኛው ንቅናቄ መሪ ነበር፤ ሼፍለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ነው። ሁሉም በሪደርቫልድ ጎዳና ተሰይሞላቸዋል። ከባቡር ፌርማታዎቹ አንዱ ዮሐና ቴሽ አደባባይ ይባላል። ዮሐና ቴሽ የሪደርቫልድ ነዋሪ ነበረች። ጀርመን ውስጥ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በመረጡበትና በተመረጡበት በ1919 ወደ ብሔራዊ ጉባኤው ከገቡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። በ1944 ናዚዎች ያዟት፤ በ1945 በራቨንስብሩክ የማጎሪያ ካምፕ ሞተች።

የኅብረት ሥራ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነው። አባሉ የተወሰነ ድርሻ ይገዛል፤ ደረጃው ሲደርስ ቤት ይሰጠዋል፤ ክፍያውን እስከፈጸመና ደንቡን እስካከበረ ድረስ የሚያስወጣው የለም። በጉባኤ ላይ ብዙ ያለውም ጥቂት ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ዩኔስኮ በ2016 የኅብረት ሥራ ማኅበርን ሐሳብ ከጀርመን በቀረበለት ጥያቄ መሠረት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እድርና እቁብ የሚያውቅ ሰው የዚህን ነገር ነፍስ ወዲያው ይረዳዋል። ልዩነቱ የሚደገፍበት ነገር ነው። እድር በመተዋወቅና በይሉኝታ ይጸናል፤ የጀርመን ማኅበር ግን በተጻፈ ደንብ፣ በቃለ ጉባኤና በፊርማ። በሪደርቫልድ የሚኖር ባዕድ የሚገጥመው አብዛኛው ነገር ከዚህ ልዩነት የሚመነጭ ነው።

የቆየ ትውውቅ

ፍራንክፈርትና ኢትዮጵያ የሚተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በዛሬው ወሎ ውስጥ የመካነ ሥላሴ ሰው የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄደው ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። ሉዶልፍ የኋለኛውን ዘመኑን ያሳለፈው በፍራንክፈርት ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈበት መጽሐፍ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ ደግሞ በ1698 በዚህችው ከተማ ታትመዋል። በ1704 ያረፈውም እዚያው ነው። ስለዚህ አማርኛ በአውሮፓ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዋስው መልክ የታተመው በዚህች ከተማ ነው ማለት ነው።

የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንንና ጎንደርን ዞሮ አየ። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለዘመናዊው ሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። የሰበሰባቸው እንስሳት ለከተማዋ ለዘንከንበርግ ቤተ መዘክር ክብር ሆነዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ መቀመጫውን በፍራንክፈርት ያደረገው የፍሮቤኒዩስ ተቋም በደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ባህል ላይ ተከታታይ ጥናት አካሄደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 ጀምሮ ወደዚህች ከተማ ይበራል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን የመጣው ሰው ብዛትም ዓይነትም ተለወጠ። ተማሪና ተመራማሪ ይመጣበት በነበረው መንገድ ስደተኛ ይመጣ ጀመር።

ከተማዋ ራሷ የመጤዎች ከተማ ናት። ምዕራብ ጀርመን በ1955 ከጣሊያን፣ በ1961 ከቱርክ፣ በ1963 ከሞሮኮ፣ በ1968 ከዩጎዝላቪያ ጋር ሠራተኛ ለማስመጣት ተዋዋለች፤ ምልመላው በ1973 ቆመ፤ የመጡት ግን ቤተሰብ አፍርተው ቀሩ። ዛሬ ከፍራንክፈርት ነዋሪ ከግማሽ በላዩ ራሱ ወይም ወላጁ ከሌላ አገር የመጣ ነው። በሪደርቫልድ ደረጃዎች ላይ የሚነበበው የስም ድርድርም ይህንኑ ያሳያል፤ የቱርኩ፣ የሞሮኮው፣ የክሮኤሺያው፣ የኤርትራውና የኢትዮጵያው ስም ከቆየው የሄሰን ስም ጎን ተለጥፏል።

ስምና አድራሻ

ኑሮ የሚጀመረው በምዝገባ ነው። ቤት የገባ ሰው በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ ከተማው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት፤ አከራዩ ቤቱን እንዳስገባው የፈረመበትን ወረቀት ይዞ ይቀርባል። ያለዚህ ምዝገባ የባንክ ሂሳብም፣ የግብር ቁጥርም፣ የልጅ ትምህርትም ማግኘት ያስቸግራል። ቀጥሎ የጤና መድን ይመጣል፤ ግዴታ ነው። ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በየቤቱ የሚከፈለው መዋጮም፣ ቴሌቪዥን ይኑርም አይኑርም፣ በፖስታ ይጠየቃል።

በምዝገባው ቅጽ ላይ ሃይማኖት የሚጠየቅበት መስመር አለ፤ ብዙ ኢትዮጵያዊ ትርጉሙን ሳያውቅ ይሞላዋል። በጀርመን የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን በመንግሥት በኩል የቤተ ክርስቲያን ግብር ይከፍላሉ፤ ፍራንክፈርት ባለችበት በሄሰን ክፍለ ግዛት መጠኑ ከገቢ ግብሩ 9 በመቶ ነው። የኦርቶዶክስ ምእመናን ይህን ግብር አይከፍሉም። ስለዚህ «ክርስቲያን» ከማለት ይልቅ የእምነቱን ስም በትክክል ማስጻፍ ይገባል።

በጀርመን ሕንጻዎች ብዙውን ጊዜ ቤቶች ቁጥር የላቸውም። ፖስተኛው የሚሄደው በስም ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው የቤተሰብ ስም በደወሉና በፖስታ ሳጥኑ ላይ ካልተጻፈ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆቹ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ በአንድ ደወል ላይ ሦስት ስም መለጠፍ ግድ ይላል። ጎረቤት ሦስት ቤተሰብ የሚኖርበት ይመስለዋል፤ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛም «የቤተሰባችሁ ስም የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ነገሩን የሚያቃልለው የሁሉንም ስም በደወሉ ላይ በግልጽ ጽፎ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀትን በሕጋዊ ትርጉም አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው።

ደረጃ፣ ጸጥታና ቆሻሻ

ከቤት ውሉ ጋር «ሃውስኦርድኑንግ» ይሰጣል፤ የቤቱ ሥርዓት ማለት ነው። ጋሪና ብስክሌት የት እንደሚቆም፣ ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ ደረጃውን በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚያጸዳ ተጽፎበታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ይጠበቃል። እሑድና በዓል ቀን ሙሉውን ጸጥታ ነው፤ ግድግዳ አይበሳም፣ ሣር አይታጨድም፣ ባዶ ጠርሙስ ወደ መንገድ ዳር ማጠራቀሚያ አይጣልም። ሱቆችም ዝግ ናቸው። ይህ የሰው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የእሑድ ዕረፍት በጀርመን ሕገ መንግሥት የተጠበቀ ነው። ሰንበትን የሚያከብር ሕዝብ ልጅ ለሆነ ሰው ሐሳቡ አይከብድም። የሚከብደው የእሱ ሰንበት በእልልታ፣ በዘመድ ጥየቃና በጨዋታ የሚያልፍ ሲሆን የእነሱ በዝምታ የሚያልፍ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ቤት ደስታ ሲኖርበት አስቀድሞ ማሳወቅ ልማድ መሆን አለበት። ክርስትና ወይም ልደት ያለው ሰው ከጥቂት ቀን በፊት በደረጃው መግቢያ ላይ አጭር ወረቀት ይለጥፋል፤ «ቅዳሜ እንግዶች አሉን፤ ድምፅ ቢበዛ ደውሉልን» ይላል። ወረቀቱ የሌሊቱን ጸጥታ አያስቀርም፤ የጎረቤቱን ልብ ግን ያለዝባል። ሳያሳውቁ ማክበር በአንጻሩ ጎረቤትን እንደሌለ መቁጠር ሆኖ ይታያል።

ቆሻሻ መለየትም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የማሸጊያ ፕላስቲክና ቆርቆሮ በቢጫው፣ የምግብ ትራፊ በቡናማው፣ ወረቀት በራሱ፣ ቀሪው በሌላ ማጠራቀሚያ ይገባል። ጠርሙስ ነጩ፣ አረንጓዴውና ቡናማው እየተለየ ነው የሚጣለው። የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ሲገዛ መያዣ ይከፈልበታል፤ አንድ ጊዜ ተጠቅመው ለሚጥሉት 25 ሳንቲም፣ ተመልሶ ለሚሞላ የቢራ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳንቲም ነው፤ ገንዘቡ ጠርሙሱ በሱቁ ማሽን ሲመለስ ይገኛል። አሮጌ ፍራሽና ቁም ሣጥን ደግሞ ተመዝግቦ በተቆረጠለት ቀን ይወጣል። በተሳሳተ ማጠራቀሚያ የገባ ቆሻሻ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል፤ ወጪው በነዋሪው ሁሉ ላይ ስለሚከፋፈል ጎረቤት በዚህ ነገር ዝም አይልም። የሚናገረውም በቀጥታ ነው፤ ሰላምታ አያስቀድምም፣ ነገር አያለዝብም። ኢትዮጵያዊው ይህን ንቀት ወይም ጥላቻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ተናጋሪው ግን ስለ ቆሻሻው ብቻ ነው የተናገረው፤ በማግስቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ይላል።

የቡና ጭስ

የሁለቱ ኑሮ ግጭት በጉልህ የሚታየው ቡና ሲፈላ ነው። በሄሰን ሕግ በመኝታ ክፍል፣ በልጆች ክፍልና ወደ መውጫ በሚወስድ ኮሪደር ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖር አለበት። የቡናው ፍሬ ምጣድ ላይ ጠቁሮ ወዙ ሲወጣ፣ ጭሱ ለእንግዶች እንዲያሸቱት ሲዞር፣ እጣኑም ሲጨመርበት፣ ማስጠንቀቂያው ከጣሪያ ላይ ይጮኻል። ሕጻናት ይደነግጣሉ፤ ባለቤቲቱ ወንበር ላይ ወጥታ በፎጣ ታራግባለች፤ ከላይ ያለው ጎረቤት በር ያንኳኳል። ማስጠንቀቂያውን መንቀል ሕግ መጣስ ነው። በዚህ ሰፈር የቆዩ ሴቶች ቡናውን በወጥ ቤት መስኮት ሥር ወይም በረንዳ ላይ ይቆላሉ፤ የኮሪደሩን በር ዘግተው እጣኑን በጥቂቱ ያጨሳሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያንኳኳውን ጎረቤት ማስገባት ነው። ቡና ሲቆላ አይቶ የማያውቅ ጀርመናዊ ከእሳት አደጋ ይልቅ ጀበናና ሲኒ ባየ ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል፤ ጀርመኖችም ከሰዓት በኋላ ቡና በኬክ የመጠጣት የራሳቸው ወግ አላቸው።

ወጥ ቤቱ ራሱ ታሪክ አለው። በኤርንስት ማይ ዘመን አርኪቴክቷ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 «የፍራንክፈርት ወጥ ቤት» የሚባለውን ነደፈች። ስፋቱ 6.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ መደርደሪያው፣ ምድጃውና መታጠቢያው አንዲት ሴት ሳትንከራተት ሁሉንም እንድትደርስበት ተለክቶ ተሠራ። በከተማዋ ሰፈሮች ወደ 10,000 የሚጠጉ ተተክለዋል፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ ለሚታየው የተገጣጠመ ወጥ ቤት መነሻው ይኸው ነው። ሐሳቡ የሠራተኛዋን ሴት ድካም መቀነስ ነበር። ለአንድ ሰው የተለካ ወጥ ቤት ግን ጎረቤት ተሰብስቦ ሽንኩርት የሚከትፍበት፣ ምጣድ የሚጣድበት፣ ለሠርግ የሚደገስበት ማድቤት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ድግስ ሲኖር ወጡ በየቤቱ ተከፋፍሎ ተሠርቶ በድስት ተጭኖ ይመጣል፤ አዳራሽም ይከራያል።

እንፋሎቱም ጉዳይ ነው። የጀርመን ቤት ሙቀት እንዳያመልጥ ተደርጎ ስለሚዘጋ የወጥና የልብስ እርጥበት ግድግዳ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ስለዚህ በክረምትም ቢሆን በቀን ብዙ ጊዜ መስኮቱን ወለል አድርጎ ለ5 ወይም ለ10 ደቂቃ ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ በቤት ውል ውስጥ ሳይቀር የሚጻፍ፣ ጀርመኖች አጥብቀው የሚይዙት ልማድ ነው።

ጾሙ ግን ከድሮው ቀሏል። ከእንስሳት ነጻ የሆነ ምግብ የሚበላው ጀርመናዊ እየበዛ ስለመጣ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለው ወተት፣ ቅቤና ብስኩት በማንኛውም ሱቅ ይገኛል። የከተማዋ ታዋቂ ምግብ የሆነው «አረንጓዴው ሶስ» በ7 ዓይነት ቅጠል የሚሠራና በጸሎተ ሐሙስ የሚበላ ቢሆንም እርጎና እንቁላል ስላለበት ለኢትዮጵያ ጾም አይሆንም።

«አንተ»፣ «እርስዎ» እና ቀጠሮ

ጀርመንኛ እንደ አማርኛ ሁለት ዓይነት አጠራር አለው፤ «ዱ» አንተና አንቺ፣ «ዚ» እርስዎ ነው። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ይልቅ ነገሩን ፈጥኖ ይገባዋል። አጠቃቀሙ ግን ይለያል። በአማርኛ «እርስዎ» በዕድሜና በማዕረግ ከፍ ላለ ሰው ይሰጣል፤ ሽማግሌው ወጣቱን «አንተ» ቢለው ነውር የለበትም። በጀርመንኛ «ዚ» በሁለቱም ወገን እኩል ነው። የ70 ዓመት ሴትዮ የ25 ዓመቱን ጎረቤታቸውን «ዚ» ይላሉ፤ እሱም እንዲሁ። ወደ «ዱ» ለመሻገር ታላቁ ወይም የቆየው ሰው መጋበዝ አለበት፤ ግብዣው የወዳጅነት መጀመሪያ ነው። ሳይጋበዙ መሻገር ድፍረት ነው። ባዕዱን ገና ሲያየው «ዱ» የሚለው ሰው ቢያጋጥም ደግሞ ብዙ ጊዜ ንቀት ነው፤ እሱም በ«ዚ» እየመለሰ ክብሩን ማስጠበቅ ይችላል።

ሰላምታ አጭር ነው። በደረጃ ላይ «ሞርገን»፣ በፍራንክፈርት ዘዬ «ጉደ» ተብሎ ይታለፋል። «እንዴት ነህ?» ብሎ የጠየቀ መልሱን ሊሰማ ነው፤ ለወግ አይጠይቅም። በኢትዮጵያ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ የሚጠየቀው ሰላምታ እዚህ የለም፤ አለመጠየቁም አለመውደድ አይደለም። የሰውን ጉዳይ አለመንካት ራሱ እንደ አክብሮት ይቆጠራል።

ሳይነገር ወደ ሰው ቤት መሄድ አይለመድም። የቅርብ ጓደኛም ቢሆን ቀጠሮ ይይዛል፤ «ቴርሚን» የሚለው ቃል በስደተኛው አማርኛ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ሐኪም፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ እራት ሁሉም ቀጠሮ ነው። 10 ደቂቃ የዘገየ ሰው አስቀድሞ ይደውላል። የልደት ምኞት ቀኑ ሳይደርስ መግለጽ መጥፎ ዕድል ያመጣል ተብሎ ይታመናል፤ በሥራ ቦታም ኬክ የሚያመጣው ባለ ልደቱ ራሱ ነው። ምግብ ቤት አብሮ የበላ ሰው ሂሳቡን ለየብቻ ቢከፍል አያስነውርም። «እኔ እከፍላለሁ» የሚለው የኢትዮጵያ ግፊያ ጀርመናዊውን ያሳፍረዋል፤ ውለታ የተሸከመ ይመስለዋል።

ልጆች

የኢትዮጵያ ወላጅ ከአገሩ ሰው ጋር በቅርብ የሚገናኘው በልጁ በኩል ነው። ልጅ 6 ዓመት ሲሞላው ትምህርት ግዴታ ነው፤ የሰፈሯ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የፔስታሎጺ ትምህርት ቤት ይባላል። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ልጅ ትልቅ፣ በከረሜላና በእርሳስ የተሞላ የወረቀት ቀንድ ይዞ ይሄዳል፤ አያትና አጎት ሳይቀር ለሥነ ሥርዓቱ ይመጣሉ። ይህን ያልሰማ ወላጅ ልጁን ባዶ እጁን ይልክና ልጁ ያዝናል። ልማዱ በየትኛውም ሕግ ስላልተጻፈ መጠየቅ ይበጃል። የትምህርት ቤቱ ሌላው ነገር ግን ሁሉ በደብዳቤ ነው፤ የወላጆች ስብሰባ፣ የዋና ትምህርት፣ የጉዞ ፈቃድ ፊርማ ይጠይቃል።

ከ4ኛ ክፍል በኋላ ልጆች በተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት ይከፋፈላሉ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ጊምናዚዩም ነው፤ ሌሎቹ ይበልጥ ወደ ሙያ ሥልጠና ያመራሉ፤ ሁሉንም አጣምሮ የያዘም አለ። በሄሰን ትምህርት ቤቱ ምክር ይሰጣል፤ ምርጫው ግን የወላጅ ነው። መምህር የተናገረውን ሁሉ እንደ ውሳኔ የሚቀበል ወላጅ ይህን መብቱን ሳያውቅ ያሳልፋል።

ከ2000 ጀምሮ የጀርመን ሕግ ልጅ ያለ ኃይል የማደግ መብት አለው ይላል። ቁንጥጫና አለንጋ በሕግ የተከለከሉ ናቸው፤ ልጁም ይህን ከመዋዕለ ሕጻናት ጀምሮ ይማራል። ብዙ የኢትዮጵያ ወላጆች ሥልጣናቸው የተወሰደ ይመስላቸዋል። በሌላ በኩል ልጆቹ በ7 እና በ8 ዓመታቸው ብቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ጀርመኖች ይህን ልጅን ማመን ይሉታል። የቤት ቋንቋ ሌላ ጭንቀት ነው። ወንድምና እህት እርስ በርስ ጀርመንኛ ይነጋገራሉ፤ እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በጀርመንኛ ይመልሳል። ፊደሉን የሚያቆየው በቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ትምህርትና ከአያት ጋር በስልክ የሚደረገው ጨዋታ ነው።

ማኅበር

«ጀርመኖች ወዳጅ አያደርጉም» የሚለው ቅሬታ የሚነሣው ወዳጅነት የሚፈለግበት ቦታ ስለሚሳሳት ነው። በኢትዮጵያ ደጃፍ የሚሠራውን እዚህ «ፌራይን» ይሠራዋል፤ የተመዘገበ ማኅበር ማለት ነው። መዘምራን፣ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች፣ የአትክልተኞች፣ የስፖርተኞች ማኅበር አለ። አባልነት በጽሑፍ ይጠየቃል፤ የዓመት መዋጮ ይከፈላል፤ ሥራ ይከፋፈላል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ለ3 ዓመት አብሮ የሠራ ጀርመናዊ አንድ ቀን «ዱ እንባባል» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወዳጅነት ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።

ከሪደርቫልድ ስም ጋር የማይለያየው ማኅበር በ1899 የተመሠረተው አይንትራኽት ፍራንክፈርት ነው። በ1920 እዚህ ስታዲየም ሠራ፤ በ1943 በቦምብ ፈረሰ፤ በ1952 በአቅራቢያው አዲስ ተከፈተ። ዋናው ቡድን ዛሬ የሚጫወተው ከተማው ማዶ ባለው ትልቁ ስታዲየም ቢሆንም የወጣቶቹ ማሠልጠኛ ከ2010 ጀምሮ በሪደርቫልድ ነው። «አይንትራኽት» ማለት ስምምነት ነው። የስደተኛ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀጥሎ ስሙ የሚጠራበትና ቦታ የሚሰጠው በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ነው።

የአትክልት ማኅበርም ለኢትዮጵያዊ ይመቻል። ከተማው መሬት የሌለው ነዋሪ ቢበዛ 400 ካሬ ሜትር በሆነ ቁራሽ መሬት ላይ ከትንሽ ጎጆ ጋር አትክልት እንዲያለማ ያከራያል። ቢያንስ ሲሶው ለፍራፍሬና ለጎመን መዋል አለበት፤ አጥሩና የዛፉ ቁመት ሳይቀር ተወስኗል። ለዚህ ተራ መጠበቅ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። የደረሰው ሰው ግን የአበሻ ጎመን ዘርቶ፣ በአጥር ላይ ችግኝና ዘር ሲለዋወጥ፣ በቤቱ ደረጃ ላይ ያላገኘውን ጎረቤት ያገኛል።

የተዘጋ በር

የተጻፈ ሕግ ለባዕዱ መከላከያ ነው፤ የማይጻፈው አመለካከት ግን ይጎዳዋል። ጉዳቱ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ቤት ሲፈለግ ነው። ፍራንክፈርት ቤት ውድ የሆነባት ከተማ ናት፤ ከማመልከቻው ላይ ስሙ ባዕድ መሆኑ የታየ ሰው ብዙ ጊዜ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። በሥራም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ በአገሩ ነርስ ወይም መምህር የነበረ ሰው ዲፕሎማው እስኪታወቅለት በጽዳት ወይም በመጋዘን ይሠራል። በየካቲት 19 ቀን 2020 ደግሞ ከፍራንክፈርት በስተምሥራቅ ባለችው በሃናው አንድ ዘረኛ አብዛኞቹ ከመጤ ቤተሰብ የሆኑ 9 ሰዎችን ገደለ። ሪደርቫልድ ከዚያ በባቡር የቅርብ መንገድ ናት፤ ሐዘኑም ፍርሃቱም እዚህ ደረሰ።

መከላከያው በ2006 የወጣው የእኩል አያያዝ ሕግ ነው። በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በዕድሜ ምክንያት በሥራና በቤት ኪራይ ማግለልን ይከለክላል፤ የተበደለ ሰው ካሳ የሚጠይቅበት ጊዜ ግን 2 ወር ብቻ ስለሆነ ማስረጃውን ወዲያው በጽሑፍ መያዝ አለበት። በ2012 ሥራ ላይ የዋለው ሌላ ሕግ ደግሞ በውጭ አገር የተገኘ ሙያ እንዲመዘን መብት ሰጥቷል። ፍራንክፈርት በ1989 በጀርመን የመጀመሪያውን የመድብለ ባህል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት አቋቁማለች፤ አቤቱታም ምክርም ይቀበላል። የአውሮፓ ኅብረት ዜግነት የሌለው ሰው በከተማው ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የለውም፤ የውጭ ዜጎችን የሚወክለውን የከተማ ጉባኤ ግን ይመርጣል፣ ይመረጣልም። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ሳይጠቀምበት ይቀራል።

ዜግነትም ቀሏል። ከሰኔ 27 ቀን 2024 ጀምሮ የሚጠበቀው የኑሮ ዘመን ከ8 ወደ 5 ዓመት ወርዷል፤ ጀርመን የቀድሞውን ዜግነት ጣል አትልም። ኢትዮጵያ ግን ጥምር ዜግነትን ስለማትቀበል ኢትዮጵያዊው የሚያስበው ነገር አለው። ቋንቋው በመካከለኛ ደረጃ መታወቅ አለበት፤ ስለ አገሩ ሕግና ታሪክ ከሚቀርቡ 33 ጥያቄዎች 17ቱን መመለስ ይጠይቃል፤ ኑሮን በራስ ገቢ መደገፍም ያስፈልጋል።

በዚህች ሰፈር ተረጋግተው የኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁለቱን ጉርብትና አጣምረው ይዘዋል። ለሞተ ሰው መዋጮ የሚሰበሰበውና አስከሬን ወደ አገር የሚሸኘው በእድር ነው፤ ለቤቱ ጥገናና ለልጁ ሜዳ የሚሟገተው በጀርመኑ ማኅበር ነው። የሪደርቫልድ ሠራተኞች በ1910 ቤት የሠሩት አንዱ ብቻውን ስላልቻለ ነበር፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል ለሁለቱም ሕዝብ ይሠራል። ወደ ሰፈሯ የገባ ባዕድ በደወሉ ላይ ስሙን አጥርቶ ይጽፋል፤ የቤቱን ሥርዓት አንብቦ ይፈርማል፤ ከዚያ አንድ ማኅበር መርጦ ይመዘገባል። ጎረቤት የሚሆነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።